ረጅሙ ሌሊትና የልደት በዓል በልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ

የታኅሣሥ ወር በባተ ቁጥር ከአገራቸው ርቀው በሰሜን አገሮች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ጥያቄውን የሚያነሡት አዋቂዎች አይደሉም፤ ልጆች ናቸው። ልጅ ከወረቀት የተቆረጠ ኮከብ በእጁ ይዞ ከትምህርት ቤት ይመለስና፥ «እማዬ፥ ጓደኞቼ ሁሉ ገናን ሊያከብሩ ነው፤ እኛ ስለ ምን እንጾማለን?» ብሎ ይጠይቃል። እናቲቱም ፈገግ ብላ፥ «ልጄ፥ የእኛ ገና ገና ነው፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ይደርሳል» ትለዋለች። ልጁ ግን በዚህ አያበቃም። «ታዲያ ጌታ የተወለደው ሁለት ጊዜ ነውን?» ይላል። ከእርሱ ከፍ ያለው ወንድሙ ደግሞ ከባልንጀሮቹ የሰማውን ይጨምራል፤ «ገና ከጥንት የፀሐይ አምላኪዎች በዓል የተወሰደ ነው ይባላል፤ እውነት ነውን?»

በብዙ ቤቶች እናትና አባት በዚህ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ወይም «ይህን አትጠይቅ» ብለው ይገሥጻሉ። ይህ ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም። ከወላጁ መልስ ያጣ ልጅ መልሱን ከሌላ ስፍራ ይፈልጋልና፤ ያገኘውም መልስ እውነት ይሁን ሐሰት በልቡ ውስጥ ሥር ይሰድዳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በዓለም ላይ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ሕዝቦች የብርዱን ወራት እኩሌታና የጌታን ልደት እንደ ምን እንደሚያከብሩ፥ የእኛም በዓል ከእነርሱ በምን እንደሚገናኝና በምን እንደሚለይ ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሌሊቱ ስለ ምን ይረዝማል?

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ፀሐይ መናገር ያስፈልጋል። ምድር ፀሐይን የምትዞረው ቀጥ ብላ ሳይሆን 23 ዲግሪ ተኩል ያህል አዘንብላ ስለ ሆነ፥ ሰሜናዊው ክፍሏ የዓመቱን እኩሌታ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ የቀረውንም እኩሌታ ከፀሐይ ዘወር ይላል። ከዚህም የተነሣ ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ፥ ይኸውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ወይም 22፥ በሰሜን አገሮች ሁሉ ቀኑ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ያጥራል፤ ሌሊቱም ከሌሊቶች ሁሉ ይረዝማል። ከዚያ በኋላ ግን ብርሃን ጥቂት በጥቂት ይጨምራል።

በአገራችን ይህ ነገር እምብዛም አይታወቅም። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅም በሆነው ቀንና አጭር በሆነው ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀኑን 12 ሰዓትና የሌሊቱን 12 ሰዓት ለይተን የምንቈጥረውም ቀኑና ሌሊቱ ከሞላ ጎደል እኩል ስለ ሆኑልን ነው። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ግን በዚያ ወቅት የቀኑ ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከኖርዌይ ከተሞች አንዷ በሆነችው በትሮምሶ ደግሞ ሁለት ወር ያህል ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከቶ አትታይም።

በቋንቋችንም ቢሆን ልዩነቱ ይታያል። እኛ ክረምት ብለን የምንጠራው ከሰኔ ጀምሮ ዝናብ የሚዘንብበትን ወራት ነው፤ በታኅሣሥ ግን ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ በአውድማ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል መፀው የሚፈጸመው ታኅሣሥ 25 ቀን ነው፤ በማግሥቱም በጋ ይገባል። ስለዚህ የጌታ ልደት ለእኛ የሚደርሰው በጋ ከገባ በአራተኛው ቀን ነው። ለሰሜን ሰው ግን በዓሉ የሚመጣው በጨለማና በበረዶ መካከል ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው የሰሜን ሕዝቦች ስለ ሻማና ስለ መብራት፥ ስለ እሳትና ስለ አረንጓዴ ቅጠል ይህን ያህል የሚደክሙት ስለ ምን እንደ ሆነ ሊረዳው አይችልም።

ሌሊቱን በመብራት የሚያሳልፉ ሕዝቦች

የብርዱን ወራት እኩሌታ ከሚያከብሩት መካከል የፋርስ ሰዎች በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ዛሬ ኢራን በምትባለው አገር ያሉ ቤተ ሰቦች የረጅሙን ሌሊት «ያልዳ» ብለው ይጠሩታል። በዚያ ሌሊት ልጆችና የልጅ ልጆች በአያቶቻቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሮማን፥ ሐብሐብና ልዩ ልዩ የደረቀ ፍሬ ይቀርባል፤ ከጥንት ባለ ቅኔዎቻቸው ከሐፊዝ መጽሐፍም እየተነበበ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ያመሻሉ። ይህ ሥርዓት በ2022 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስሙ ነው። «ያልዳ» የሶርያ ቋንቋ ቃል ሲሆን ትርጓሜው «ልደት» ማለት ነው፤ የሶርያ ክርስቲያኖችም የጌታን ልደት የሚጠሩበት ስም ይኸው ነበር። በግዕዛችን «ወለደ»፥ «ልደት» የምንለውና «ያልዳ» የሚለው ቃል ከአንድ የሴም ቋንቋ ሥር የበቀሉ ናቸው። የእኛ «ገና» ደግሞ በጽርዕ ቋንቋ ልደት ከሚለው ቃል የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ የፋርስ እስላም ቤተ ሰብ ሮማኑን ቈርሶ የሚያመሽበት ሌሊትና እኛ ለማሕሌት የምንቆምበት ሌሊት ሁለቱም «ልደት» ተብለው ይጠራሉ ማለት ነው።

በቻይና አገርም ይህ ወቅት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የቤተ ሰብ በዓል ነው። በደቡብ ክፍል ያሉት ከሩዝ ዱቄት የተድቦለቦለ ሊጥ በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ አድርገው በአንድነት ይበላሉ፤ ክብነቱም የቤተ ሰብ አንድነት ምልክት ነው ይላሉ። በሰሜን ያሉት ደግሞ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ይቀቅላሉ። በጃፓን በዚያው ቀን ዱባ መብላትና ዩዙ የሚባል የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ በተነከረበት ሙቅ ውኃ መታጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ይህም ከብርድ ደዌ ይጠብቃል ይላሉ።

በስዊድን ደግሞ ዲሴምበር 13 ቀን ማለዳ ነጭ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል ደፍታ፥ ባልንጀሮቿም መብራት ይዘው እየተከተሏት እየዘመሩ ይገባሉ። የሚያስቧትም ቅድስት ሉቺያ በዲዮቅልጥያኖስ የስደት ዘመን፥ በ304 (እ.ኤ.አ.)፥ በሲሲልያ ደሴት በሰራኩስ ከተማ በሰማዕትነት ያለፈች ድንግል ናት። ስዊድናውያን እስከ 1753 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአሮጌው አቆጣጠር ይኖሩ ስለ ነበር፥ በእነርሱ ዘንድ የሉቺያ ሌሊት የዓመቱ ረጅም ሌሊት ተብሎ ይታወቅ ነበር። እንዲህም ሆኖ የደቡብ ሰማዕት የሆነች አንዲት ድንግል በሰሜን ጨለማ ውስጥ የብርሃን እናት ሆና ተቀመጠች።

ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ያለው ዓለም ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ብርዱ የሚበረታው በሰኔ ነው። በፔሩ አገር በኩዝኮ ከተማ ጁን 24 ቀን የሚከበረው የጥንቱ የኢንካዎች የፀሐይ በዓል የብርድ ወራት በዓል ሲሆን፥ በአውስትራልያ ያሉ ክርስቲያኖች ደግሞ ልደትን የሚያከብሩት በብርቱ ሙቀት መካከል ነው። ከዚህም የምንረዳው የጌታ ልደት ከበረዶና ከብርድ ጋር የተቈራኘ አለመሆኑን ነው።

ሮማውያንና የፀሐይ በዓል

እንግዲህ የትልቁን ልጅ ጥያቄ እንመልከት። ገና ከጣዖት አምላኪዎች በዓል የተወሰደ ነውን?

እውነቱን መደበቅ አይገባም። በጥንት ሮማውያን ዘንድ ከዲሴምበር 17 ቀን ጀምሮ ለብዙ ቀናት የሚከበር ሳተርናልያ የሚባል በዓል ነበር። በዚያ ጊዜ ጌቶች ባሮቻቸውን ያስተናግዱ ነበር፤ ወዳጆችም ሻማና ከሸክላ የተሠራ ትንንሽ ምስል እርስ በርሳቸው ይሰጣጡ ነበር። ይህን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ በሎሌው ላይ አይቆጣም የሚለውን የአባቶቻችንን አነጋገር ማስታወሱ አይቀርም። በ274 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ንጉሡ አውሬልያኖስ «የማይሸነፍ ፀሐይ» ለተባለው ጣዖት በሮም ቤተ መቅደስ ሠራ። በ354 (እ.ኤ.አ.) በተጻፈ አንድ የሮም የቀን መቍጠሪያ መጽሐፍ ውስጥም ዲሴምበር 25 ቀን የዚህ ፀሐይ ልደት ሆኖ ሲገኝ፥ በዚያው መጽሐፍ በሌላ ክፍል ክርስቶስ በይሁዳ ቤተ ልሔም የተወለደው በዚሁ ቀን መሆኑ ተመዝግቧል። ይህ ክፍል የተዘጋጀው በ336 (እ.ኤ.አ.) እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በ386 (እ.ኤ.አ.) በአንጾኪያ ሲሰብክ፥ በዓሉ በዚህ ቀን መከበሩ በከተማይቱ ከታወቀ 10 ዓመት እንዳልሞላው ለምእመናን ገልጿል።

ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ጸሐፊዎች ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡን ከፀሐይ አምልኮ ለመመለስ በዓሉን በዚያ ቀን አደረገች ይላሉ። ሌሎች ሊቃውንት ግን ቀኑ የተገኘው ከጣዖት በዓል ሳይሆን ከቍጥር ነው ብለው ያስረዳሉ። ይህንም ሁለተኛውን መልስ ለመረዳት ከኢትዮጵያዊ ምእመን ይልቅ የሚቀርብ የለም።

ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠራት፥ ጌታም በማኅፀንዋ የተፀነሰው መጋቢት 29 ቀን ነው። ይህ ቀን በጥንቱ የሮም አቆጣጠር ማርች 25 ማለት ነው። የጥንት ክርስቲያኖች በምሥራቅም በምዕራብም ስለዚህ ቀን ብዙ ያስቡ ነበር፤ የጌታን መከራና ትንሣኤም ከዚሁ ወቅት ጋር ያያይዙት ነበር። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ጥንተ ስቅለትን መጋቢት 27 ቀን፥ ጥንተ ትንሣኤን መጋቢት 29 ቀን ታስባለች።

እንግዲህ ከመጋቢት 29 ቀን ጀምረን እንቍጠር። እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ድረስ ዘጠኝ ወር ይሆናል፤ በመካከሉም አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች ይገባሉ። በድምሩ 275 ቀን ወይም አባቶች እንደሚሉት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ይህም የሰው ልጅ በእናቱ ማኅፀን የሚቆይበት ጊዜ ነው። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ጊዜ ደግሞ አንድ ቀን ስለሚተርፍ፥ በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ብዙ ሰዎች ይህ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ለውጥ ለምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ያልፉታል። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው፤ አባቶቻችን የጠበቁት የወሩን ቀን ሳይሆን የእመቤታችንን የፅንስ ወራት ነው።

ይህን ለልጅ መንገር እጅግ ቀላል ነው። በጣት ሊቈጠር ይችላልና፤ ልጁም የእናቱን እርግዝና ያስብበታል። በዚህ አቆጣጠር ልደት የፀሐይ መመለስ በዓል ሳይሆን የአንዲት እናት የመውለጃ ቀን ነው። ሮማውያን በዚያው ወቅት ሌላ በዓል ማክበራቸው፥ በገበያ ቀን የተወለደ ሕፃን የገበያው ልጅ እንደማይባል ሁሉ፥ የክርስቶስን ልደት የፀሐይ በዓል አያደርገውም።

ደግሞም ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት በቤተ ክርስቲያናችን ስብከት፥ ብርሃንና ኖላዊ ተብለው ይጠራሉ። የብርሃን ሳምንት ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ቀን ነው። በዛሬው አቆጣጠር በሰሜን አገር ብርሃን መጨመር የሚጀምረው በዚሁ ሳምንት መግቢያ ላይ ነው። ስያሜው ግን ለሰማዩ ፀሐይ አይደለም፤ ነቢያት ብርሃንህን ላክልን እያሉ ለለመኑት ለእርሱ ነው እንጂ።

አንድ ልደት፥ ሦስት ቀን

ትንሹ ልጅ የጠየቀው፥ «ጌታ የተወለደው ሁለት ጊዜ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ አለው። የተወለደው አንድ ጊዜ ነው፤ የተለያየው የቀን መቍጠሪያው ነው። በ1582 (እ.ኤ.አ.) የሮም ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ የቀድሞው አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር አለመስማማቱን አይተው አስተካከሉት። አዲሱን ያልተቀበሉት አብያተ ክርስቲያናት በአሮጌው ጸኑ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እያደገ ሄዶ ከ1900 እስከ 2100 (እ.ኤ.አ.) ድረስ 13 ቀን ሆኗል። ስለዚህ የአሮጌው አቆጣጠር ዲሴምበር 25 በአዲሱ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል፤ ይህም የእኛ ታኅሣሥ 29 ነው። ከእኛ ጋር የግብፅ፥ የኤርትራ፥ የሩስያ፥ የሰርብያና የጆርጅያ አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ቀን ያከብራሉ። የግሪክ፥ የሮማንያና የቡልጋርያ ኦርቶዶክሶች ግን ዲሴምበር 25 ቀን ያከብራሉ። በዩክሬን ደግሞ የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከአሮጌው ወደ አዲሱ ተሸጋግራለች። አርመኖች ጥንታዊውን ልማድ ጠብቀው ልደትንና ጥምቀትን በአንድነት ጃንዋሪ 6 ቀን ያከብራሉ፤ በኢየሩሳሌም ያሉት ግን በአሮጌው አቆጣጠር ስለሚሄዱ በዓላቸው ጃንዋሪ 19 ቀን ይውላል።

ስለዚህ በቤተ ልሔም ልደት በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ይከበራል። በመጀመሪያ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች፥ ቀጥሎ ግሪኮች፥ ቅብጦች፥ ሶርያውያንና የእኛ አባቶችና ምእመናን፥ በመጨረሻም አርመኖች ያከብራሉ። በዋሻው ላይ የቆመው ቤተ ክርስቲያን በቈስጠንጢኖስ ዘመን ተሠርቶ በስድስተኛው መቶ ዓመት እንደ ገና የታነጸ ነው። በ614 (እ.ኤ.አ.) የፋርስ ሠራዊት ያን አገር በወረረ ጊዜ ይህን ቤተ ክርስቲያን ሳያፈርሰው አለፈ። ምክንያቱም በግድግዳው ላይ የተሣሉትን ሰብአ ሰገልን የአገራቸውን ልብስ ለብሰው ስላዩአቸው ነው የሚል ትውፊት አለ። የእኛም ሰው ይህን ስፍራ በዓይኑ ባያየው እንኳ ስሙን በየደብሩ ያገኘዋል፤ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ቤተ ልሔም ተብሎ ይጠራልና።

በላሊበላም የልደት ዕለት የቅዱስ ላሊበላ የልደት ቀን ጭምር ስለ ሆነ፥ ከየአውራጃው የመጣው ምእመን በቤተ ማርያም ዙሪያ ተሰብስቦ፥ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያሸበሽቡ ያያል።

ልደትን የማያከብሩ ጎረቤቶቻችን

በዚህ ወቅት አይሁድ ሐኑካ የሚባለውን የስምንት ቀን በዓል ያከብራሉ። ንጉሥ አንጥያኮስ ያረከሰው ቤተ መቅደስ በይሁዳ መቃቢ እጅ በ164 ከልደተ ክርስቶስ በፊት ነጽቶ መታደሱን የሚያስቡበት ነው። በየሌሊቱ አንድ አንድ መብራት እየጨመሩ ያበራሉ፤ ለዘይቱም መታሰቢያ እንደ ቦንቦሊኖ ያለ በዘይት የተጠበሰ ምግብ ይበላሉ። ጌታችንም በዚህ በዓል ጊዜ በቤተ መቅደስ በሰሎሞን ደጅ መመላለሱን በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 10 እናነባለን። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ይህን በዓል አያከብሩም ነበር፤ ዛሬ በእስራኤል ያሉት ልጆቻቸው ግን ከሌሎቹ ጋር መብራቱን ያበራሉ።

እስላሞች የጌታን ልደት በበዓልነት አያከብሩም፤ አምላክነቱንም አይቀበሉም። ሆኖም በቍርዓናቸው በእናቱ በማርያም ስም የተጠራ ምዕራፍ አለ፤ በዚያም ከዘንባባ ዛፍ ሥር እንደ ወለደችው ይነገራል። በአገራችን በገና ቀን እስላም ጎረቤት ወደ ክርስቲያን ቤት መጥቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል፤ ዳቦና ቡና ይቀርብለታል። ዕርዱ ስለሚለያይ ሥጋው አይነካካም፤ ፍቅሩ ግን ይነካካል። በእነርሱም በዓል እኛ እንዲሁ እናደርጋለን።

ከክርስቲያኖችም ወገን በዓሉን የተቃወሙ ነበሩ። በሰሜን አሜሪካ በማሳቹሴትስ የነበሩ ፒዩሪታን የተባሉ ፕሮቴስታንቶች በመጽሐፍ አልታዘዘም፥ ስካርንም ያመጣል ብለው በ1659 (እ.ኤ.አ.) ገናን ያከበረ ሰው 5 ሽልንግ እንዲከፍል ሕግ አወጡ፤ ሕጉም በ1681 ተሻረ። በሶቭየት ኅብረት ደግሞ እግዚአብሔርን የካደው መንግሥት በዓሉን ከልክሎ ዛፉንም ነቅፎ ነበር። በ1935 ግን ዛፉን የአዲስ ዓመት ዛፍ ብሎ መለሰው። በሩስያ ልደት እንደ ገና የሕዝብ በዓል የሆነው በ1991 ነው። በጃፓንም ክርስቲያኖች ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ሕዝቡ በዲሴምበር 25 ዋዜማ የተጠበሰ ዶሮና በእንጆሪ ያጌጠ ኬክ ገዝቶ ይበላል። በመጽሐፍ አልታዘዘም ብሎ የተወ አለ፤ ባለ በዓሉን ሳያውቅ ዶሮውን የሚበላ አለ። ሁለቱም ለእኛ ትምህርት ናቸው። ዶሮ ወጡ ተሠርቶ ቅዳሴው ከቀረ እኛስ በምን እንለያለን?

ኒቆላዎስና ዛፉ

ልጆች የሚወድዱት ነጭ ጢም ያለው ቀይ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ከየት እንደ መጣ ብንነግራቸው ይደነቃሉ። እርሱ በታናሽ እስያ በሜራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ድኻ አባታቸው ሊድራቸው ላልቻለ ሦስት ልጃገረዶች በሌሊት በስውር ወርቅ እንደ ሰጣቸው ይተረካል። በስንክሳራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን ይታሰባል። የሆላንድ ሰዎች ስሙን ወደ አሜሪካ ወሰዱት፤ በዚያም በ19ኛው መቶ ዓመት ከጳጳስነት ወደ ስጦታ አመላላሽ ሽማግሌነት ተለወጠ። ስለዚህ ለልጆቻችን «እርሱ የፈረንጅ ተረት ነው» ከማለት ይልቅ፥ «እርሱ የእኛም ቅዱስ ነው፤ የሰጠው ግን በስውር ነው፤ የሰጠውም ለድኻ ነው» ብንላቸው ይሻላል።

ዛፉ ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት በጀርመኖች አገር የተጀመረ ሲሆን፥ በ1848 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ ከቤተ ሰቧ ጋር በዛፉ ዙሪያ ሆና የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ከወጣ በኋላ በብዙ አገር ተስፋፋ። ዛፍ በቤት በመቆሙ ብቻ ሃይማኖት አይጠፋም፤ በመቅረቱም ብቻ ሃይማኖት አይጸናም። በዚህ የሚጨነቅ ወላጅ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የሚያስፈራው ዛፉ ቆሞ ከሥሩ ምን እንደሚነገር ያልታወቀ እንደ ሆነ ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፥ የልጆችን ጥያቄ አንፍራ። ልጁን አስቀምጠን ከመጋቢት 29 ጀምሮ በጣቱ እናስቈጥረው። አባቱ የማያውቀውን አባ ያውቁታልና አብረው ሄደው ይጠይቁ፤ ልጅ አባቱ ሲጠይቅ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፥ ታኅሣሥ 16 ቀን ጎረቤት ለምሳ ቢጠራን አንከልክል፥ አንሸሽም። ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾመ ነቢያት ላይ መሆናችንን አስቀድመን በትሕትና እንንገራቸው፤ ለሁሉም የሚበቃ የጾም ምግብ ሠርተን ይዘን እንሂድ። በሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ በፊት መጨፍገግ ጾምን አያከብርም። በማግሥቱም ልጁ፥ «የእኛ ጾም ሰውን የሚያስቀይም አይደለም» ብሎ ይማራል።

ሦስተኛ፥ በውጭ አገር ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 7 ቀን የሥራና የትምህርት ቀን ነው። ፈቃድ የሚያገኝ ሰው ከወራት በፊት ይጠይቅ። ያላገኘም አይዘን፤ በዓሉ በሌሊት የሚከበር ስለ ሆነ ከሥራ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይቻላል። ሕፃናት በእናታቸው ነጠላ ተጠቅልለው በቅዳሴ መካከል ቢያንቀላፉ፥ ያችን ሌሊት እስከ ሽምግልናቸው ያስታውሷታል። በማግሥቱ ወይም በቅዳሜው እነዚያን ጎረቤቶች በተራችን ጠርተን የገናን ዳቦ እናቍርሳቸው።

አራተኛ፥ ብቸኞችን እናስብ። በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን የልደትን ሌሊት በወጥ ቤት ቆማ ሳታሳልፍ አትቀርም። ደመወዟ ወደ አገር ቤት ተልኮ ለእናቷ በግ ይገዛበታል፤ እርሷ ግን ከበጉ አትቀምስም። በዚያች ሌሊት ከዘመዶቿ አንዱ ቢደውልላትና የማሕሌቱን ድምፅ ቢያሰማት፥ ይህ ከስጦታዎች ሁሉ ይበልጣል። ጌታ ራሱ የተወለደው በእንግዳ ማረፊያ ስፍራ ላጡ ሰዎች ነውና።

ልጁም ከወረቀት የቆረጠውን ኮከብ አንጣልበት። ከቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅሎ እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ድረስ ይቆይ። ለጎረቤት በታኅሣሥ 16፥ ለእኛም በዋዜማችን ሌሊት ያበራል፤ ወደ ቤተ ልሔም የመራው ኮከብ አንድ ነውና።

ከበዓሉ በሰላም ያድርሰን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።